ለሥጋ ዶሮ ፕሮባዮቲክ አሰጣጥ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው

በእናቷ ክንፍ ሥር የምታድግ ጫጩት አንጀቷን የሚጠብቁላትን ባክቴሪያዎች ከእናቷ ኩስ ትለቅማለች። በማሽን የተፈለፈለች የአንድ ቀን ጫጩት ግን ይህን ስለማታገኝ አንጀቷ ለሳልሞኔላና ለመሰሎቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ክፍት ሆኖ ይቆያል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች የጤነኛ አዋቂ ዶሮ የአንጀት ይዘት የተሰጣቸው ጫጩቶች ሳልሞኔላን እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል፤ ፕሮባዮቲክም (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ የያዘ ዝግጅት) የሚሠራው በዚሁ መንገድ፣ ጠቃሚው ባክቴሪያ ቦታውን ቀድሞ እንዲይዝ በማድረግ ነው።

ባክቴሪያው ሕያው በመሆኑ በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ፣ በግቢው ጥግ የሥጋ ዶሮ ለሚያረባ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የቧንቧ ውሃ ነው። ጀርም እንዲገድል የተጨመረው ክሎሪን ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ስለዚህ ለማግስቱ የሚያስፈልገውን ውሃ ከምሽቱ በአፈ ሰፊ ባልዲ ቀድተው፣ አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍነው ያሳድሩት። ውሃው በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በሮቶ የተጠራቀመ ውሃ ክዳኑ እንደተዘጋ ስለሚቆይ ክሎሪኑ በቶሎ አይለቀውም፤ እሱንም ቀድቶ ማሳደር ይገባል። ጊዜ ካጠረ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ያህል ስብ የወጣለት የወተት ዱቄት በጥብጦ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል።

ጠዋት መጠጫዎቹን በብሩሽ አጥበው፣ በረኪና ከነበረባቸው ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን በመጀመሪያ በጥቂት ውሃ በጥብጠው ከቀሪው ጋር ያዋህዱ፤ የሚዘጋጀውም ዶሮዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠጥተው የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሁን። ለአደጉት ቀደም ብሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃ ማንሳት ይቻላል፤ ከጉዞ የመጡ ጫጩቶችን ግን ማስጠማት ፈጽሞ አይገባም። ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከጀማሪ ወደ አሳዳጊ መኖ ሲዛወሩ እና የአንቲባዮቲክ ሕክምና ከተጠናቀቀ በኋላ ነው።

ሲገዙ የባክቴሪያው ዓይነት፣ በአንድ ግራም ያለው የሕያዋን ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያልተጻፈበትን አይውሰዱ። ከባክቴሪያዎቹ ላክቶባሲለስ የሚባለው ሙቀት ስለማይችል ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ባሲለስ የሚባለው ግን በስፖር (ሙቀትን በሚቋቋም ሽፋን ውስጥ በተኛ) መልክ ስለሚቀመጥ መብራት ለሚጠፋበት ቤትም ሆነ በሙቀት ተጨፍልቆ ለሚዘጋጅ መኖ የተሻለ ነው።

አንቲባዮቲክን ከፕሮባዮቲክ ጋር በአንድ ላይ መስጠት ገንዘብ መጣል ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጫጩቶቹ ሳይታመሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ እንደ ቫይታሚን ከመጀመሪያው ቀን መስጠት ነው፤ መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ በሥጋው በኩል ወደ ቤተሰባችን ማዕድ ሊደርስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው በዚህ ስጋት ነው።

ፕሮባዮቲክ የፈንግልንና የጉምቦሮን ክትባት አይተካም፤ እርጥብ ጉዝጓዝንም አያደርቅም። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዳም በመሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ያድርጉ፤ የበረዳት ጫጩት ተኮራምታ ስለምትቀር የተዘጋጀላትን ውሃ አትጠጣም። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን አሥር ዶሮ ያለምርጫ ይዘው ይመዝኑ፤ የበሉትንም መኖ አብረው ይመዝግቡ። ቤቱ ንጹሕ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ያለመዝገብ በዓይን ብቻ አይታወቅም።