ፖስትግሬስ 17ን ከሶርስ ኮድ ስትገነቡ ፒኤስኪውኤል እምቢ ካለ

ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው፤ ፒኤስኪውኤል ደግሞ ከተርሚናል ወደ ዳታቤዙ የምንገባበት ፕሮግራም። ማሽኑ ደሴ ያለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ኡቡንቱ 22.04። ከመገንባት በፊት የሚያስፈልገው መኖሩን የሚፈትሸው ስክሪፕት፣ ኮንፊገር፣ መጀመሪያ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የለም፣ ቀጥሎ ባይሰንና ፍሌክስ የሚባሉት መሣሪያዎች የሉም፣ ከዚያም ሪድላይን የሚባለው ላይብረሪ የለም አለ። ይህ ቀላል ነው። የሁለቱን ላይብረሪዎች "ዴቭ" ፓኬጆች፣ ባይሰንንና ፍሌክስን በአፕት ጫንኩ፣ አለፈ።

ጣጣው የመጣው ሜክ ኢንስቶል (የተገነባውን የሚጭነው ትዕዛዝ) ካለቀ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ይነሳል። ፒኤስኪውኤል ግን "ሲምቦል ሉክአፕ ኤረር" ብሎ ይወድቃል፤ ከላይብረሪ የሚፈልገውን ፈንክሽን (ሲምቦል) አላገኘም ማለት ነው። አጣሁት የሚለው ፒኪው-ቼንጅ-ፓስወርድን ነው።

ሜክ ዲስትክሊን ብዬ የቀድሞውን ግንባታ አጽድቼ እንደገና ገነባሁ፤ ያው ነው። መብራቱ ደግሞ እንደ ደሴ ጉም መጣ ሄደ ይላል፣ ኮምፓይሉ መሃል ላይ ይቋረጣል። የሲስተሙን የላይብረሪ ዝርዝር የሚያድሰው ኤልዲኮንፊግም ለውጥ አላመጣም።

መፍትሔውን ያሳየኝ ኤልዲዲ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ላይብረሪዎቹን ከየት እንደሚያነሳ የሚያሳይ ትዕዛዝ። ፒኤስኪውኤል ላይ ሳስኬደው ሊብፒኪውን (ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበትን ላይብረሪ) የሚያነሳው ከአዲሱ ፎልደር ሳይሆን፣ ቀድሞ ከተገነባ ስሪት 13 ፎልደር ነበር። የሁለቱም ፋይል ስም አንድ ነው፤ መጨረሻው ሁሌ 5 ነው። ያ ሲምቦል ደግሞ ከ17 በፊት የለም።

ለምን አሮጌውን መረጠ? ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ፣ ኤልዲ-ላይብረሪ-ፓዝ የሚባለውን ተለዋዋጭ (ላይብረሪ የት እንደሚፈለግ የሚናገረውን) ወደዚያ ፎልደር የሚጠቁም መስመር ነበር። ፖስትግሬስ ሲገነባ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጽፈው የላይብረሪ አድራሻ፣ ራንፓዝ፣ የሚታየው ከዚህ ተለዋዋጭ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲሱ ተራ አይደርሰውም።

መስመሩን አጠፋሁ፣ አዲስ ተርሚናል ከፈትኩ፣ ኤልዲዲን ደገምኩ። ትክክለኛው ፎልደር መጣ፣ ፒኤስኪውኤልም ተነሳ። አሮጌውን ፎልደር ግን አትሰርዙት፤ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ካለ ተለዋዋጩን በዚያ ፕሮግራም ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ብቻ አስገቡት።