የፍሳሽ ዝቃጭን አጥልሎ ማዳበሪያ ማድረግ
ዝቃጭ (ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀመው ጭቃ) አብዛኛው ውሃ ነው፣ ዝም ብላችሁ አሸዋ ላይ ካፈሰሳችሁት ግን ደቃቁ ነገር አሸዋውን ይደፍነዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሽፈራው ፍሬ ፈልፍላችሁ ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት፣ ደቃቁ ይሰባሰባል፣ መጠኑን በባልዲ ሞክሩ ምክንያቱም ዝቃጭ ከዝቃጭ ይለያያል። ከዛ ከስር ጠጠር ከላይ አሸዋ ያለው መደብ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አፍስሱት፣ ክረምት ከሆነ ጣራ የግድ ነው። ደረቀ ማለት ግን ጸዳ ማለት አይደለም!! የወስፋት እንቁላል ድርቀት ይችላል፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስለዚህ የደረቀውን ዝቃጭ ከሰጋቱራ ወይ ከገለባ ጋር ከምሩት፣ መሀሉ 55 ዲግሪና ከዛ በላይ ሆኖ 15 ቀን ይቆይ፣ 5 ጊዜ አገላብጡት። ለበቆሎ ይሁን እንጂ ለሰላጣና ካሮት ይቅርባችሁ። የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበትን ግን ተዉት፣ ሄቪ ሜታል (እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት) በኮምፖስት አይጠፋም።