አልለቅ ያለ የሞተር ሳይክል ፍሬን፦ እንዴት ይፈተሻል? እንዴትስ ይጠገናል?

ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ለገሃር የወረደ ሞተር ዲስኩ ቢግል አያስገርምም፤ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየተያዘ ነው የተወረደው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ በሜዳው ሄዶ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይነካ ዲስኩ እጅ የማያስቀርብ ከሆነ ግን ፍሬኑ አለቀቀም። ሞተሩ ይከብዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሸራ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱን ካፈላው ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ የእጅ ፍሬኑ እስከ መሪው ድረስ ይገባል፣ ጎማው ግን አይያዝም።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሸራውን አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ነው። ይህ ጥገና አይደለም፤ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ትንሽ ገፋ ብሎ ክፍተቱን ሲሞላው ችግሩ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚይዘው የቱ ክፍል እንደሆነ ይለዩ።

መያዙን ማረጋገጥ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በመሃለኛው ካባሌቶ ያቁሙት፣ ማርሹን ኒውትራል ያድርጉና ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። ዲስክ ፍሬን በትንሹ ሲፋቅ መሰማቱ ጤነኛ ነው፤ ጎማው አንድ ሁለት ዙር ከዞረ ደህና ነው። ግማሽ ዙር ሳይሞላ የሚቆም ከሆነ ይዟል። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ የታጠፈ ዲስክ ይጠርጥሩ።

መቼ እንደሚይዝም ያስተውሉ። ጠዋት ደህና ሆኖ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ከሞቀ በኋላ የሚይዝ ፍሬን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከላይ፣ ማስተሩ (የእጅ ፍሬኑ ሲጨመቅ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጋ ነው። ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም እኩል የሚይዝ ከሆነ ካሊፐሩን (ሸራዎቹንና ፒስተኑን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠውን ክፍል) ያስቡ።

ዋናው ፍተሻ

ፍሬኑ ይዞ ሳለ ካሊፐሩ ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይሰኩ፣ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፣ ቡሎኑን ሩብ ዙር ይፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ በ8 ቁልፍ ይፈታል። ዘይት ብቅ ብሎ ጎማው ወዲያው ከቀለለ መመለሻ ያጣ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ቡሎኑ ተፈትቶም ጎማው ከከበደ ችግሩ ካሊፐሩ ውስጥ ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ያለቦታው ከሚጣል ገንዘብ ያድናል።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ታንከሩ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት።

ግፊቱ ታፍኖ ከሆነ

በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ጫፍ በጣት ይግፉ። ማስተሩን መጫን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር ልል መሆን አለበት። ከሌላ ሞተር የመጣ ወይም የተጣመመ እጀታ የማስተሩን ፒስተን ሁልጊዜ በትንሹ ይጫነዋል፤ ያኔ ማስተሩ ውስጥ ያለችው፣ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማትበልጠው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ትዘጋለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መሄጃ ሲያጣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ይበልጥ ያሞቀዋል።

ቀጥሎ የዘይቱን ልክ ይዩ። ሸራው ባለቀበት ጊዜ እስከ አፉ የተሞላ ማጠራቀሚያ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ሞልቶ ይተርፋል። ከላይኛው ምልክት ያለፈውን በመርፌ ሲሪንጅ ይቀንሱ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ክዳኑን ከፍተው የእጅ ፍሬኑን በጣም በቀስታ ይጫኑ። በማጠራቀሚያው ወለል ላይ ከትንሿ ቀዳዳ ዘይቱ ቀጭን ምንጭ መስሎ ብቅ ካላለ ተደፍናለች። ያረጀ ዘይት ዝቃጭ ነው የሚደፍናት። ዘይቱን ቀድተው ያውጡና ከሽቦ ፍሬን ወይም ከጊታር ክር በተገኘ አንድ ቀጭን ዘለላ በርጋታ ይክፈቷት፤ ቀዳዳዋን የሚያሰፋ ነገር አይጠቀሙ።

ማስተሩ ደህና ሆኖ ግፊቱ አሁንም ከታፈነ የጎማ ቱቦው ይቀራል። ውስጡ ያበጠ ቱቦ በኃይል የተገፋውን ዘይት ያሳልፋል፣ በራሱ የሚመለሰውን ግን ያግዳል። ይህ አይጠገንም፤ ይቀየራል፤ ጫፎቹ ላይ ያሉት የመዳብ ራንዴላዎችም አብረው አዲስ ይሁኑ።

ካሊፐሩ ከሆነ

ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ አይደለም። ዙሪያውን የያዘው ባለአራት ማዕዘን ጎሚኒ ፍሬን ሲያዝ አብሮ ይጠመዘዛል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን በፀጉር ስፋት ይጎትተዋል። የክረምት ጭቃና የሸራ ብናኝ ፒስተኑ ላይ ከደረቀ ይህች ትንሽ ጉልበት አትበቃም።

1. ካሊፐሩን ፈትተው ሸራዎቹን ያውጡ። ዘይት ወይም ግሪስ የነካው ሸራ አይመለስም።
2. በፒስተኖቹ ፊት ቀጭን እንጨት አስገብተው የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ይጫኑ፤ ፒስተኑ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ይውጣ። ከዚያ በላይ ተዘርግፎ ሊወጣ ይችላል።
3. በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ዙሪያውን ይጠቡ። ቤንዚንና ናፍጣ አይጠቀሙ፤ ጎሚኒውን ያሳብጡታል።
4. ያድርቁት፣ ትንሽ አዲስ የፍሬን ዘይት ይቀቡት፣ በአውራ ጣት ይመልሱት። መልሶ የሚገፋው ዘይት ማጠራቀሚያውን እንዳያስፈስስ ክዳኑን ከፍተው ይከታተሉ።

በጣት አልገባ ካለ ካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያገኛሉ፤ የአልሙኒየሙ ዝገት ነው፣ ጎሚኒውን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑን የሚያንቀው እሱ ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይጥረጉት፤ ካቻቪቴ ቦዩን ይቧጭራል። የተበሳሳ ፒስተን ይቀየር።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አውጥተው ያጽዱ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። ተራ የኩሽኔታ ግሪስ የጎማ ሽፋናቸውን ያበላሻል።

የኋላ ታንቡር ፍሬን

እዚህ ዋናው ጥፋት ሰንሰለት ከተወጠረ በኋላ ይመጣል። ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬን ዘንጉም ይወጠራል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች የእግር ፍሬን ልልታ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው፤ በዘንጉ ጫፍ ባለው ዳዶ ያስተካክሉ። ከተስተካከለም የሚይዝ ከሆነ ታንቡሩን ይክፈቱ፤ ሸራዎቹን የሚከፍተው ካም ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ ይሆናል። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በኮምፕሬሰር አይንፉት፣ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ሲገጠም

በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት ይጠቀሙ፤ በብዛት ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፣ ማሸጊያው የተከፈተ ጠርሙስ አይቀበሉ፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ለዚሁም ሲባል በየ2 ዓመቱ ይቀየራል።

አየር ሲያስወጡ የእጅ ፍሬኑን ጨምቀው ይያዙ፣ ቡሎኑን ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ይዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ይልቀቁ። በቱቦው ውስጥ አረፋ እስኪጠፋ ይደጋግሙ፤ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ይጠብቁ።

ሞተሩን ከማንቀሳቀስዎ በፊት የእጅ ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግመው ይጫኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ጭመቃዎች ባዶ ናቸው። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በሜዳ መንገድ ይሂዱና ጎማውን እንደገና በእጅ ያዙሩ። አሁንም ከከበደ የቸርችልን ቁልቁለት አይሞክሩት፤ ሞተሩን በፒካፕ አስጭነው ይመለሱ።