ረጥቧል ወይስ ደርቋል? የነርቭ መልእክት ሲዛባ

ሸዋ ሮቢት ላይ የሽንኩርት ማሳ ሲረጭ የዋለን ወጣትና ደብረ ብርሃን ላይ ክኒን ውጠው ሽንት እምቢ ያላቸውን አዛውንት አሴቲልኮሊን ያገናኛቸዋል። ከአንጎልና ከአከርካሪ ውጭ ያሉ ብዙ ነርቮች ለዕጢ፣ ለልብ፣ ለአንጀትና ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት በዚህ ኬሚካል ነው። ሥራውን ሲጨርስ ኮሊንኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ወዲያው ይሰብረዋል። መልእክቱ ሲበዛ ገላ ይረጥባል፣ ሲታገድ ይደርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ታማሚው ረጥቧል ወይስ ደርቋል?

ረጥቦ ከሆነ

ምራቅ፣ እንባና ላብ ይወርደዋል፤ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። በደረቱ ውስጥ ፈሳሽ ሲንተከተክ ይሰማል። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ይርገበገባል።

ምክንያቱ እንደ ማላታዮንና ዳያዚኖን ያለ ጸረ ተባይ ነው። ኢንዛይሙን ስለሚያስረው አሴቲልኮሊን ሳይሰበር ይጠራቀማል። የግድ መጠጣት አያስፈልግም፤ ከታዘለ መርጫ ወደ ጀርባ የሚንጠባጠበውም በቆዳ ይገባል።

ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ወተት አትጋቱት፣ እንዲያስመልስም አታስገድዱት። የጸረ ተባዩን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። እዚያ አትሮፒን በደም ሥር ይሰጠዋል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይጀመርና ደረቱ እስኪጠራ በየ5 ደቂቃው እጥፍ ይደረጋል። መለኪያው ሳንባው እንጂ የብሌኑ መስፋት አይደለም።

አትሮፒን ዕጢንና ልብን ከአሴቲልኮሊን ይጋርዳል፤ የእጅ፣ የእግርና የመተንፈሻ ጡንቻን ግን አይረዳም። «ላቡ ደርቋል፣ ድኗል» ብሎ ታማሚን ከሆስፒታል ይዞ መውጣትን የምፈራው ለዚህ ነው። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንገቱን ቀና ማድረግ ሊያቅተው፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያተርፈው የመተንፈሻ መሣሪያ ነው።

ደርቆ ከሆነ

አፉ ደርቋል፣ ገላው ቀልቶ ይፋጃል፣ ብሌኑ ሰፍቷል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ሽንት የለም፤ ከሌለ ሰው ጋርም ያወራል። መቅላቱ በጠይም ቆዳ ላይ ላይታይ ስለሚችል ብብቱን ዳስሱ፤ ትኩሳት እያለበት ብብቱ ደረቅ ከሆነ ጠርጥሩ።

በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር ፍሬው አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው፤ ለፊተኛው ታማሚ መድኃኒት የሆነው ለዚህኛው መርዝ ነው። ገላውን አቀዝቅዙለትና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ሽንቱም በቱቦ ይወጣል። ቤተሰብ ክፉ መንፈስ ያዘው ብሎ ሊቸኩል ይችላል። ጸበሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ብሌኑን እዩ።

ክኒን ከተጀመረ ወዲህ ከሆነ

ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ይህንኑ ድርቀት በመጠኑ ያመጣል። ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) ላበጠ አባት ሽንት ጨርሶ ሊዘጋባቸው ይችላል፤ ፊኛቸው ከተወጠረ ነገ አይባልም፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። አፍ መድረቅና ሆድ ድርቀት ብቻ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይቀንሰዋል ወይም ይለውጠዋል።

ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘውን ፕሮፕራኖሎል ጀምሮ ደረቱ የሚያፍን የአስም ታማሚ ጉዳዩ ሌላ ነው። የተዘጋው የአድሬናሊን መቀበያ ነውና በቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ።