ሞተርሆም ውስጥ ቡና ማፍላት፦ መጀመሪያ ባትሪውን ጠይቁ

ሞተርሆም (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ቤት የለመዳትን የቡና ማሽን ጭኖ መሄድ ያምረዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያው ማለዳ ማሽኑን ሰካሁት፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ጮኸ፣ ወዲያው ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ቡናው ቀረ፣ መብራቱ ጠፋ፣ የተኛውም ሰው ሁሉ ተነሳ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሒሳቡን አልሠራሁማ።

ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። ማሽኑ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ፈልጉና ለባትሪው ቮልት አካፍሉት። ቡናውን በወረቀት የሚያጠልል ተራ የፊልተር ማሽን ከ600 እስከ 1200 ዋት ይፈልጋል፤ ተለክቶ በታሸገ ቡና የሚሠራው የካፕሱል ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። 1000 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 83 አምፔር ገደማ ይመጣል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ወደ 95 ይጠጋል። አሥር ደቂቃ ቢሠራ 16 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) አካባቢ ሄደ ማለት ነው። መጠኑ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ያንን ሁሉ በአንዴ መሳቡ ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ እንዲህ ሲሳብበት ቮልቴጁ ይወርድና፣ ገና ብዙ ኃይል እያለው ኢንቨርተሩ «ባትሪው አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ሊቲየም ባትሪ ይሻላል፣ ግን እሱም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ከሚፈቅደው በላይ ከተሳበ ራሱን ያጠፋል።

ካምፕ ውስጥ ከካምፑ የኤሌክትሪክ መስመር ከተሰካችሁ ባትሪው ያርፋል። ያም ሆኖ አንዳንድ ካምፖች የሚሰጡት 6 አምፔር ብቻ ነው፤ በ230 ቮልት 1380 ዋት መሆኑ ነው። ማሽኑን ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ካስነሳችሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ቡናው እስኪያልቅ ማሞቂያውን አጥፉት፣ በቃ።

በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሠሩ ባለ 12 ቮልት ማፍያዎችም አሉ። የዚያ ሶኬት ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሆነ ከ180 ዋት በላይ ማግኘት አይቻልም። ግማሽ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከ20 ደቂቃ በላይ ትጠብቃላችሁ። ጊዜ ለተረፈው ሰው ይሁን!

እኔን ከጠየቃችሁኝ መልሱ ጋዝ ነው። ምድጃው እንደሆነ መኪናው ውስጥ አለ፣ አንድ ሁለት ስኒ ለማፍላት የሚፈጀው ጋዝም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጋዙ ላይ የምትጣደው ደግሞ ከ1933 ጀምሮ የምትታወቀው ሞካ ፖት ናት፤ ከታች የፈላው ውኃ በእንፋሎት ግፊት በቡናው አልፎ ወደ ላይ የሚወጣባት ትንሽ ማፍያ። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ ወረቀት አትፈልግም፣ ብትወድቅም አትሰበርም። ምድጃችሁ ኢንዳክሽን (ዕቃውን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ከሆነ ግን አሉሚኒየሟ አይሠራም፤ ለኢንዳክሽን የተሠራች የብረት ግዙ።

ብዙ ሰው ሞካ ፖት ቡናውን ታመርረዋለች ይላል፤ የሚያመርረው አያያዙ ነው። ውኃውን ከቫልቩ በታች አቁሙ። ቫልቩን መሸፈን አደጋም አለው፣ እንፋሎቱ ሲበዛ የሚወጣው በእሱ ነውና። ቡናውን ሙሉና አትጠቅጥቁት። እሳቱ ትንሽ ይሁን፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አጠገቧ ቁሙ፣ መንፎርፎር ስትጀምር ወዲያው አውርዱ። ትንሿ ሞካ የምድጃው ብረት ላይ ስለማትረጋ ለእሷ የሚሆን ማስቀመጫ ብረት ያዙ፤ ያቺ ብረት ከስንት ቃጠሎ አድናኛለች።

ሁለተኛ ምርጫዬ ኤሮፕሬስ፣ ቡናውን በእጅ እየተጫኑ የሚያጠልሉበት ቱቦ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሞቀ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። ከሁሉ የምወድለት ግን የቡናው አተላ ተጨምቆ እንደ ደረቅ ኬክ አንድ ላይ ዱብ ማለቱን ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ውኃ ቆጥቦ ዕቃ ማጠብ ግድ እስኪሆን ድረስ። ፍሬንች ፕሬስ (አተላውን በወንፊት ወደ ታች የሚጫኑበት ማሰሮ) ለብዙ ሰው ጥሩ ነው፣ 4 ደቂቃ ጠብቆ መጫን ነው። ግን የመስታወቱን ተዉት፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰናበታችኋል። ሲታጠብም ውኃ ይጨርሳል። አተላውን በምንም ምክንያት ሲንክ ውስጥ አትድፉት፤ ቀጫጭኑ ቱቦ ይደፈናል፣ የቆሻሻ ውኃ ታንኩም ይሸታል። በወረቀት ጠርጋችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት።

ጋዙ ሲነድ መስኮት ወይም የጣሪያውን መተንፈሻ ክፈቱ። ጋዝ ሲነድ ሊፈጠር የሚችለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጠቋሚ መሣሪያም ይኑራችሁ። መኪናው እየሄደ ማፍላት የሚባል ነገር የለም።

ተራራ ላይ ካደራችሁና ቡናው ቀጠን ካለባችሁ ማሽኑን አትውቀሱ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቡናውን ትንሽ አድቅቁት ወይም ትንሽ ቆይታ ስጡት።

ሞካዋን ስታስቀምጡ አድርቃችሁ፣ ሳታጠብቁ ክደኗት፣ አለዚያ ጎሚኒዋ ቶሎ ያረጃል። የኤሌክትሪክ ማሽን ያላችሁ ደግሞ መኪናውን ለብርድ ወራት ከማቆማችሁ በፊት ውስጡ የቀረውን ውኃ አፍስሱ፤ በረዶ ሲሆን ቱቦውን ይሰነጥቀዋል።