የሌላውን ጁጂትሱ ስንተች የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጁጂትሱ ተጋጣሚን በመያዝ፣ በመጣልና እጅና እግሩን በመቆለፍ የሚደረግ ትግል ነው፤ በክለቦቹ መካከል ያለው ክርክርም ሁሌ ያው ነው። አንዱ «የእናንተ ለነጥብ እንጂ ለጠብ አይሆንም» ይላል፤ ሌላው «የእናንተ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ሳይፈተን በወሬ የቆመ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከባዶ ተነስተው አያወሩም። ትችታቸው የሚበላሸው ግን በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ደንቡን ሳያነሱ ውጤቱን መጥቀስ። ኦክቶበር 23 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው የጁዶ ታጋይ ማሳሂኮ ኪሙራ በሪዮ ዴ ጄኔሮው ማራካና ስታዲየም ከብራዚል ጁጂትሱ መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከኤሊዮ ግሬሲ ጋር ገጠመ። የጁዶ ሰዎች «ደጋግሞ ጣለው» ይላሉ፤ የግሬሲ ወገን «ቢጣልም እጅ አልሰጠም» ይላል። በስምምነቱ ግን መጣልም ሆነ መሬት ላይ ማፈን ለማሸነፍ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ የውርወራው ብዛት ለክርክሩ አይረባም። ኪሙራ በሁለተኛው ዙር የኤሊዮን ክንድ ወደ ጀርባ ጠምዝዞ ቆለፈው፤ ኤሊዮ እምቢ ስላለ ፍልሚያውን ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ያ ቁልፍ ዛሬም በብራዚል ጁጂትሱ «ኪሙራ» ይባላል፤ የአሸናፊውን ስም ያቆየለት የተሸነፈው ቤት መሆኑ ነው።

የማያውቁትን ቴክኒክ መናቅ። ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ያስከፈለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጁጂትሱ አሠልጣኙ ኦስዋልዶ ፋዳ በሪዮ ዳርቻ ሰፈሮች ድሆችን ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ የግሬሲን ተማሪዎች ሲያሸንፉ ዋናው መሣሪያቸው እግር መቆለፍ ነበር፤ ምላሹም «የዳርቻ ሰፈር ቴክኒክ» የሚል ንቀት ሆነ። ንቀቱ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ተረከዝ በመጠምዘዝ የሚሠራውን የእግር ቁልፍ፣ ሂል ሁክን፣ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ያውም ያለ ኪሞኖ (የልምምድ ልብስ) በሚደረግ ውድድር፣ ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ።

ፍርሃቱ ግን መሠረት አለው። በሂል ሁክ ጭኑ በባላጋራ እግሮች ይታሰራል፣ ተረከዙ በክንድ ይጠመዘዛል፤ ጭኑ ስለማይዞር ጥምዘዛው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። ጅማቱ ሲበጠስ ሕመሙ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ እስኪያም አይጠበቅም፤ ተረከዙ በደንብ እንደተያዘ እጅ ለመስጠት ምንጣፉን መታ መታ ማድረግ ነው። ደንግጦ በተሳሳተ አቅጣጫ የሚንከባለል ሰው የገዛ ጉልበቱን ራሱ ይጨርሳል።

የደንቡን ጉድለት በተጫዋቹ ላይ መለጠፍ። «ገና ሲጀመር ቁጭ ይላሉ» የሚለው ስድብ የተለመደ ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ ተጋጣሚን መጣል 2፣ ጋርድን (ከታች ያለው ሰው በእግሮቹ የሚከላከልበትን አቋም) ማለፍ 3፣ ደረት ላይ መቀመጥ ወይም ጀርባ መያዝ 4 ነጥብ ያሰጣል። ጋርድ ለመሥራት በራስ ፈቃድ መቀመጥ ግን ለተጋጣሚው ምንም ነጥብ አይሰጥም። ታዲያ ለምን አይቀመጥ? ኤዲሲሲ በተባለው ያለ ኪሞኖ በሚደረግ ውድድር፣ ነጥብ በሚቆጠርበት ክፍለ ጊዜ፣ ይኸው ድርጊት ነጥብ ያስቀንሳል፤ እዚያ ሲወዳደር ያው ሰው ቆሞ ይታገላል።

ክለብ የቀየረን ሁሉ ከዳተኛ ማለት። ብራዚሎች እንዲህ ያለውን «ክሬዎንቴ» ይሉታል፤ ቃሉ ከቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርይ የመጣ ነው። ነገሩ ግን ከቃሉ ይቀድማል፦ እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሊዮን ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ ያሸነፈው ቫልዴማር ሳንታና የራሱ የኤሊዮ ተማሪ ነበር። አሠልጣኙን ትቶ መሄዱ ስለ ቴክኒኩ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም።

ሳይስማሙ መግጠም። ሁለት ክለቦች ልምምድ ሲጋሩ ከመጨባበጥ በፊት አራት ነገር ይቁረጡ፦ ሰዓቱን (ለነጭ ቀበቶ 5 ደቂቃ፣ ለጥቁር 10 የተለመደ ነው)፣ ኪሞኖ ይለበስ እንደሆነ፣ የትኛው የእግር ቁልፍ እንደሚፈቀድ፣ ክብደቱን። ከዚያ አንዱን ዙር በእንግዳው ደንብ፣ ሌላውን በባለቤቱ ደንብ ይጫወቱ። በክብደትና በልምምድ ዓመት የማይቀራረቡ ሁለት ሰዎችን አጋጥሞ «የእኛ ትምህርት ቤት በለጠ» ማለት አይቻልም። ሂል ሁክ ያልተማረ እንግዳ ካለ ደግሞ እግር መቆለፍን ለዚያ ቀን ተዉት።