የሮማን ወታደር ከፋንታሲ ተዋጊ ጋር ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

የሮማ ወታደር በፋንታሲ (በምናብ ዓለም) ታሪኮች ካለው ጭራቅ መሰል ተዋጊ፣ ከኦርክ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል? ይህን ክርክር በጣም እወደዋለሁ። የሚያስቆጨኝ ወታደሩን ከሠራዊቱ ነጥለን ማየታችን ነው። ያኔ ሮማዊነቱ ይቀርና ሰይፍ የያዘ ተራ ሰው ይሆናል።

አንድ ለአንድ ማጋጠም

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ግዙፍ ኦርክና አንድ ሮማዊ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ከተፋጠጡ ሮማዊው አለቀለት። ግን ለብቻው እንዲዋጋ አልሠለጠነም። ስምንት ሆነው በአንድ ድንኳን ያድራሉ፣ ሰማንያ ያህሉ ለአንድ መቶ አለቃ ይታዘዛሉ፣ አንድ ሌጌዎን ደግሞ ወደ 5,000 ሰው ይይዛል።

ሰይፍ ከመመዘዙ በፊትም ጦር ይወረወራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 የሮማ ጦር አዛዥ የነበረው ዩልዮስ ቄሳር ከዛሬዋ ስዊዘርላንድ የመጡትን ሄልቬቲያውያን ሲገጥም የሆነውን ራሱ ጽፎታል። የተወረወረው ጦር ጋሻ በስቶ አንዱን ከሌላው ጋር ሰፋው። ብረቱ ስለጎበጠ መንቀል አልተቻለም። ብዙዎቹ ክንዳቸው ሲዝል ጋሻቸውን ጥለው ያለ መከላከያ ተዋጉ። ኦርኩም ሮማዊው ጋ ሲደርስ ጋሻ አልባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የትኛዋ ሮማ እንደሆነች አለመናገር

በፊልም የምናየው ከብረት ሰሌዳ የተሠራ ጥሩር ሮማን በወጋው የካርቴጅ ጦር መሪ በሀኒባል ዘመን አልነበረም። በኋላም ቢሆን ብዙዎች የሚለብሱት ከብረት ቀለበት የተሠራውን ነበር። መጀመሪያ ዘመኑን ምረጡ።

ዶማውን መርሳት

የሮማ ወታደር ግማሽ ጉልበቱ ቁፋሮ ላይ ነው። በጠላት አገር ሲጓዝ፣ ሲመሽ ቦይ ቆፍሮ፣ አፈር ከምሮ፣ አጥር ሠርቶ ያድራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 አሌሲያ ላይ ቄሳር ጎሎችን (በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦችን) ኮረብታ ላይ ከበበ። ዙሪያውን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ምሽግ ሠራ። ለተከበቡት ረዳት ጦር እንደሚመጣ ሲሰማ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያይ ሌላ፣ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረ። ፊት ለፊቱ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሾለ እንጨት ተከለበት፣ በጭራሮም ሸፈነው። በዚያ ላይ በጨለማ የሚሮጥ የኦርክ መንጋ አስቡ! ይህን ሳይቆጥር የሚያወዳድር ሰው ሮማን አላወዳደረም።

አስማትን ያለ ልክ መፍቀድ

ጠንቋዩ ሠራዊቱን በአንድ ቃል የሚያቃጥል ከሆነ ውድድር የለም። ምን እንደሚችልና መቼ እንደሚደክመው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሮማውያን አይሸነፉም ማለት

ይህም ተቃራኒው ስህተት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 የሮማው ጦር መሪ ክራሱስ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ካራን ተብላ በምትታወቀው ከተማ አጠገብ፣ ከፓርቲያውያን (ፋርስን ይገዙ ከነበሩት) ጋር ገጠመ። ጠላት አልቀርብ አለ። በፈረስ እየዞረ ቀስት ብቻ ያዘንባል። ሮማውያን ቀስቱ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ለካ ቀስት የጫኑ ግመሎች ከኋላ ነበሩ። ክራሱስም እዚያው ዘመቻ ላይ ሞተ። ስለዚህ ለሮማ የሚያሰጋት ባለ ትልቅ መጥረቢያው ጡንቸኛ ሳይሆን ፈረስ ላይ ሆኖ የሚያነጣጥረው ኤልፍ (በፋንታሲ ታሪኮች ቀስት በመወርወር የሚታወቀው ፍጡር) ነው።

በአንድ ውጊያ መጨረስ

ድራጎን (እሳት የሚተፋ የተረት አውሬ) ድንገት ቢመጣ ሮማውያን የመጀመሪያ ቀን መደናገጣቸው አይቀርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 የግሪኩ ንጉሥ የፒሩስ ዝሆኖች ፈረሶቻቸውን አስበርግገው አሸነፏቸው። በ202 ግን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ዛማ ላይ የሮማው ጦር መሪ ስኪፒዮ በሠራዊቱ መካከል ሰፊ መተላለፊያ ትቶ የሀኒባልን ዝሆኖች አሳለፋቸው።

በፋንታሲ ዓለም የክፋት ንጉሡ ሲወድቅ ሠራዊቱ ይበተናል። ሮማ እንዲህ አልነበረችም። ከዛማ በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216፣ ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ ከሀኒባል ጋር ስትዋጋ በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁባት። ሰላም አልለመነችም፤ ባሮችን ሳይቀር አስታጥቃ አዲስ ጦር አቆመች። ከካኔ የተረፉትም በቅጣት ወደ ሲሲሊ ተላኩ፤ ከ14 ዓመት በኋላ ዛማ ላይ ከስኪፒዮ ጋር ተሰልፈው ሀኒባልን አሸነፉት።